ለመስኮት ፕሮግራምም የማኑዋል ገጽ ይጻፍለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በአማርኛ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ዋጋው ነው። የቢሮ ሰነድ መሥሪያው ሊብረኦፊስ ገንዘብ አይጠየቅበትም፣ የፎቶ ማረሚያው ጂምፕ አይጠየቅበትም፣ የሥዕል መሥሪያው ኢንክስኬፕም እንዲሁ። ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣው ሰነድ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ይህ ደብዳቤ ስለ አንዱ የሰነድ ዓይነት ነው፤ በሊኑክስ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ቦታ) ላይ «ማን» ብለን የፕሮግራሙን ስም ስናስከትል ስለሚከፈተው የማኑዋል ገጽ። (ትእዛዞችን ሁሉ እዚህ በፊደላችን ጽፌያለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ስለ ማኑዋል ሲጠየቁ መልሳቸው የታወቀ ነው፤ «የእኛ ፕሮግራም እኮ መስኮት አለው፤ ምናሌው ይታያል፣ ኤፍ 1 ሲጫኑ እገዛ ይመጣል፤ ማኑዋል ለተርሚናል ፕሮግራም ነው» ይላሉ። መስኮቱ እስከተከፈተ ድረስ ያስኬዳል። መስኮቱ አልከፈት ሲል ግን በውስጡ የተቀመጠው እገዛም አብሮ ይቀራል። ተጠቃሚው አጥብቆ የሚፈልገው ደግሞ በዚያች ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ ቅንብሩን የት አስቀምጧል? የተበላሸውን ቅንብር ትቶ በንጹሕ እንዲነሳ የሚያደርገው አማራጭ የትኛው ነው? የስህተት መልእክቱስ የት ይጻፋል? ምናሌ ለእነዚህ መልስ የለውም። ስለዚህ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ማኑዋል አዝራሮቹን አንድ በአንድ መተረክ አይጠበቅበትም። መስኮቱ ሊነግረን የማይችለውን ከነገረን በቂ ነው።

ሊብረኦፊስን እንውሰድ። አንድ ቢሮ ሁለት መቶ የወርድ ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ቢፈልግ ሁለት መቶ ጊዜ መክፈትና መዝጋት የለበትም። ሰነዶቹ ያሉበት ፎልደር ውስጥ ሆኖ «ሶፊስ --ሄድለስ --ከንቨርት-ቱ ፒዲኤፍ --አውትዲር ውጤት *.ዶክኤክስ» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃዋል። ምናሌው ውስጥ ይህን የሚጠቁም ነገር የለም። ትእዛዙን ከሰው ሰምቶ የሚሞክረውም ቢሆን የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፤ በዚያው ተጠቃሚ ስም ሌላ የሊብረኦፊስ መስኮት ተከፍቶ ከነበረ፣ በብዙ እትሞች ላይ ትእዛዙ ምንም ሳይቀይርና ምንም ሳይናገር ይመለሳል። የቅንብር ፎልደሩን ቀድሞ የያዘው ክፍት መስኮቱ ስለሆነ ነው። ሰውየው ፋይሎቹ የተበላሹ ይመስለዋል። መፍትሔው ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ የቅንብር ፎልደር መስጠት ነው፦ «-ኢኤንቪ:ዩዘርኢንስታሌሽን=ፋይል:///ቲኤምፒ/ቅየራ»። ልብ በሉ፣ ሌሎቹ አማራጮች ሁለት ጭረት ሲኖራቸው ይኼኛው አንድ ነው፤ ስላሹ ደግሞ ሦስት። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም በግምት አይደርስበትም፤ ተጽፎ መገኘት አለበት።

በዩቲዩብና በቴሌግራም የሚዞሩት ማስተማሪያዎች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የትኛውን እትም እንደሚያስተምሩ አይናገሩም። ኢንክስኬፕ እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 እትም 1.0 ሲወጣ ሥዕልን ከተርሚናል ወደ ፒኤንጂ የሚያወጡት አማራጮች ተለወጡ፤ የቀድሞው «--ኤክስፖርት-ፒኤንጂ» ቀርቶ «--ኤክስፖርት-ታይፕ» እና «--ኤክስፖርት-ፋይልኔም» ተተኩ። በቀድሞው እትም በ0.92 ጊዜ የተቀረጸ ቪዲዮ ተከትሎ በአዲሱ ላይ የሚሞክር ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ከፕሮግራሙ ጋር የተጫነ የማኑዋል ገጽ የሚያወራው ስለተጫነው እትም ነው። ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተዘጋ ጊዜ «ጎግል አድርገው» የሚለው ምክር ዋጋ አልነበረውም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ሰነድ ግን ይነበብ ነበር። ዳታ በሜጋባይት እየቆጠረ ለሚገዛ ተማሪ ዛሬም ጉዳዩ ያው ነው። አንድ የማኑዋል ገጽ ሲጨመቅ ቢበዛ ጥቂት ኪሎባይት ነው።

የዚህ ሰነድ ቅርጽ ያረጀ መሆኑ እውነት ነው። የመጀመሪያው የዩኒክስ (የሊኑክስ ቀዳሚ ሥርዓት) ማኑዋል የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ሲሆን አዘጋጆቹ የቤል ላብራቶሪዎቹ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። ያኔም ቢሆን ገጾቹ «ጉድለቶች» የሚል ክፍል ነበራቸው፤ ፕሮግራሙ የማይችለውን ነገር ሠሪው ራሱ አስቀድሞ ይጽፋል። በእኔ እምነት ከገጹ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይኼ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙዎች የሚዘሉትም እሱኑ ነው። ሊኑክስን ከፕሮግራሞች ጋር አሽገው ከሚያቀርቡት አከፋፋዮች አንዱ የሆነው ዴቢያን በፖሊሲው ምዕራፍ 12 ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የማኑዋል ገጽ ሊኖረው ይገባል ይላል፤ ከሌለው እንደ ጉድለት ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረጋል። ለተርሚናል ይሁን ለመስኮት አይለይም።

ወደ አጻጻፉ ልግባ። «መዝገብ» የሚባል የቃላት መፈለጊያ ፕሮግራም አለ እንበል። የገጹ ፋይል «መዝገብ.1» ይባላል። ቁጥሩ ምድቡን ያሳያል፦ 1 ተጠቃሚ የሚያስነሳቸው ፕሮግራሞች፣ 5 የፋይል ቅርጾች፣ 6 ጨዋታዎች፣ 8 የሲስተም አስተዳዳሪ ትእዛዞች። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይጻፋል። በነጥብ የሚጀምር መስመር ለአቀናባሪው፣ ማለትም ጽሑፉን ገጽ አድርጎ ለሚያሰናዳው ፕሮግራም፣ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያው «.ቲኤች» ሲሆን አምስት ነገሮችን ይይዛል፤ የፕሮግራሙን ስም በትልልቅ ፊደል፣ የምድብ ቁጥሩን፣ ገጹ የታደሰበትን ቀን ከዓመት ጀምሮ፣ የፕሮግራሙን እትምና የማኑዋሉን ርእስ። ከዚያ በኋላ ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው በ«.ኤስኤች» ይከፈታሉ። አዲስ አንቀጽ በ«.ፒፒ»፣ አማራጭና ማብራሪያው በ«.ቲፒ»፣ ደማቅ ጽሑፍ በ«.ቢ»፣ ተጠቃሚው በራሱ የሚተካው ቃል በ«.አይ»። ከሞላ ጎደል በቃ፤ ከዚህ በላይ ትእዛዝ የሚፈልግ ገጽ ጥቂት ነው።

ስሙ የሚሰፍርበት የመጀመሪያው ክፍል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ስሕተት የሚበዛውም እዚያው ነው። ቅደም ተከተሉ የፕሮግራሙ ስም፣ ክፍት ቦታ፣ ባክስላሽና ጭረት፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ አጭር መግለጫ ነው። «ማን -ኬ» ብሎ በቃል የሚፈልግ ሰው ገጹን የሚያገኘው በዚህች መስመር ነው። ጭረቷ ከተረሳች ወይም መግለጫው ተንዛዝቶ አንቀጽ ከሆነ፣ ገጹ ተጭኖ እያለ በፍለጋ አይገኝም። «ሌክስግሮግ መዝገብ.1» የሚለው ትእዛዝ መስመሯ መነበብ አለመነበቧን ወዲያው ይናገራል። መግለጫው ላይ «ዘመናዊና ቀላል» ዓይነት ማስታወቂያ አይጻፍ። «የቃላት ዝርዝርን መፈለጊያና ማረሚያ» ቢባል የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል።

በአማራጮች ክፍል እያንዳንዱ አማራጭ ምን እንደሚያደርግ፣ ዋጋ ይቀበል እንደሆነና ካልተሰጠው ምን እንደሚሆን ይጻፍ። ለዴስክቶፕ ፕሮግራም ከዚህ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ክፍሎች ይበልጥ ይጠቅማሉ። አንዱ የፋይሎች ክፍል ነው፤ ቅንብሩ «.ኮንፊግ» ውስጥ የትኛው ፎልደር እንደሆነ፣ የተጠቃሚው መረጃ «.ሎካል/ሼር» ውስጥ የት እንዳለ፣ ቢጠፋ የማያስቆጨው ጊዜያዊ ፋይል «.ካሽ» ውስጥ የት እንደሚገኝ። መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ ሰው የትኛውን መቅዳት፣ የትኛውን መተው እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ነው። ሌላው የአካባቢ ተለዋዋጮች፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲነሳ ከሲስተሙ የሚያነባቸው ቅንብሮች፣ ክፍል ነው። ጂቲኬ የሚባለውን የመስኮት መሥሪያ የሚጠቀም ፕሮግራም በዌይላንድ (በአዲሱ የስክሪን ሥርዓት) ላይ ሲያስቸግር «ጂዲኬ_ባክኤንድ=ኤክስ11» ብሎ ማስነሳት ብዙ ጊዜ ችግሩን ይለየዋል፤ በሌላው የመስኮት መሥሪያ በኪውት ለተሠራ ደግሞ ተመጣጣኙ «ኪውቲ_ኪውፒኤ_ፕላትፎርም=ኤክስሲቢ» ነው። ፕሮግራሙ ወድቆ ሲዘጋ የሚመልሰው ቁጥርም ይጻፍ፤ 0 ማለት በሰላም ተጠናቀቀ ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ 1 እና 2 ምን እንደሆኑ ግን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው።

ሦስት ነገሮች ጀማሪውንም ልምድ ያለውንም ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ጭረት ነው። በምንጩ ላይ ባዶ ጭረት ከተጻፈ አቀናባሪው እንደ ቃል ማያያዣ ይወስደውና በውጤቱ ላይ ዩ+2010 የሚባለውን ሌላ ምልክት ሊያስቀምጥ ይችላል። ለዓይን ልዩነት የለውም። አንባቢው አማራጩን ከገጹ ቀድቶ ተርሚናሉ ላይ ሲለጥፈው ግን ፕሮግራሙ አማራጭ መሆኑን አያውቅም፤ የፋይል ስም መስሎት «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። ስለዚህ በአማራጭ ስም ውስጥ ያለ ጭረት ሁሉ ከፊቱ ባክስላሽ ይግባለት፤ «--ሄልፕ» ለማለት ባክስላሽ-ጭረት፣ ባክስላሽ-ጭረት፣ ከዚያ ቃሉ። አንዳንድ አከፋፋዮች፣ ዴቢያን ጭምር፣ በሲስተማቸው ላይ ይህን ስለሚያስተካክሉት ጉድለቱ በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ላይታይ ይችላል፤ ሌላ ቦታ ሲጫን ብቅ ይላል።

ሁለተኛው በነጥብ ወይም በነጠላ ጥቅስ የሚጀምር መስመር ነው። «.ኮንፊግ/መዝገብ» የሚለው የፎልደር ስም በአጋጣሚ የመስመር መጀመሪያ ላይ ካረፈ አቀናባሪው ትእዛዝ ይመስለዋል፤ የማያውቀው ትእዛዝ ስለሆነም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይውጠዋል። አንባቢው የሚያየው መሐሉ የጠፋ ዓረፍተ ነገር ነው። ከነጥቧ በፊት ባክስላሽና «&» ማስገባት ያድነዋል። ሦስተኛው ባዶ መስመር ነው። ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ገጹን ያዝረከርከዋል እንጂ አያበላሸውም፣ በ«.ፒፒ» መተካት ነው።

ገጹን ሳይጭኑ ለማየት «ማን ./መዝገብ.1» ይበቃል፤ ስላሽ ስላለበት በስም መፈለጉን ትቶ ፋይሉን ራሱን ይከፍታል። «ማንዶክ -ቲ ሊንት መዝገብ.1» ስሕተቱን ከነመስመር ቁጥሩ ይዘረዝራል። ተርሚናሉን አጥብቦ በ60 ዓምድ ማየትም አይከፋም።

«ለምን በእጅ? ከሄልፑ ራሱ አይወጣም?» የሚል ይኖራል። «ሄልፕቱማን» የሚባለው መሣሪያ የ«--ሄልፕ» እና የ«--ቨርዥን» ውጤትን ወስዶ ገጽ ይሠራል። ለትንሽ የተርሚናል ፕሮግራም ያገለግላል። ለመስኮት ፕሮግራም ግን እሾህ አለበት። ፕሮግራሙ የሚገነባበት ማሽን ብዙ ጊዜ ስክሪን የሌለው ሰርቨር ነው፤ ፕሮግራሙ አማራጮቹን ከማንበቡ በፊት መስኮት ለመክፈት ከሞከረ «ዲስፕሌይ ሊከፈት አልቻለም» ብሎ ይወድቃል። ያኔ ወይ ግንባታው ይቋረጣል፣ ወይም ይባስ ብሎ የስሕተት መልእክቱ ራሱ ማኑዋል ሆኖ ይታተማል። ትክክለኛው መድኃኒት ፕሮግራሙ «--ሄልፕ» ሲባል መስኮት ሳይነካ መልስ እንዲሰጥ አድርጎ መጻፍ ነው። ያ ካልተቻለ «ኤክስቪኤፍቢ-ረን» በሚባለው የምናብ ስክሪን ውስጥ ማስነሳት፣ ወይም ገጹን እትም በሚወጣበት ቀን ሠርቶ ከምንጭ ኮዱ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ይቻላል። ከሄልፕ የወጣ ገጽ የፋይሎች ክፍልም ሆነ የጉድለቶች ክፍል የለውም፤ ጸሐፊው ካልጨመረበት በቀር የሄልፑ ግልባጭ ነው። የ«.ቲኤች» መስመር የማያስደስተው ሰው በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚጻፍ የጽሑፍ ዓይነት) ጽፎ በ«ፓንዶክ -ኤስ -ቲ ማን» ቢቀይረው ይሻላል፤ የእኔም ምርጫ ያ ነው፣ ማርክዳውን የማያውቅ ወጣት የለምና።

አጫጫኑ አጭር ነው። በሜሶን የግንባታ መሣሪያ ለሚገነባ «ኢንስቶል_ማን» የሚል አንድ መስመር፣ በሲሜክ ከሆነ ፋይሉን ወደ «ማን1» ፎልደር የሚልክ አንድ መስመር። ገጹን መጭመቅ ለአከፋፋዩ ይተው። ፍላትፓክና ስናፕ የሚባሉት የፕሮግራም ማሸጊያ መንገዶች ግን የሚያሳዝኑ ናቸው፤ በእነሱ ውስጥ የታሸገ የማኑዋል ገጽ ለሲስተሙ «ማን» አይታይም፣ በፍላትፓክ ማሸጊያ ወቅትም ብዙ ጊዜ ተጠርጎ ይወጣል። በዚያ መንገድ የሚያሰራጭ ሰው ይህንኑ ጽሑፍ በኤችቲኤምኤል ቀይሮ በፕሮግራሙ የእገዛ ምናሌና በድረ ገጹ ላይ ያኑረው።

አሁን ወደ አማርኛው። የአማርኛ ገጽ የሚቀመጠው «ሼር/ማን/ኤኤም/ማን1» ውስጥ ነው፤ የፋይሉ ስም አይለወጥም፣ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 ነው። የኮምፒውተሩ ቋንቋ አማርኛ ከሆነ «ማን» እሱን ይመርጣል፤ አማርኛው ከሌለ እንግሊዝኛውን ይከፍታል። ቋንቋውን ሳይቀይሩ ለማየት «ማን -ኤል ኤኤም መዝገብ» ይባላል፤ እዚህ ላይ «ኤል» ትልቁ ነው። የአማራጮቹ ስም አይተረጎምም፤ የሚተረጎመው ማብራሪያውና ተጠቃሚው የሚተካው ቃል ነው። የስሙ ክፍል ርእስ ተተርጉሞ «ሌክስግሮግ» ካላወቀው ያቺን አንዲት ርእስ በእንግሊዝኛ መተው ይሻላል፤ አለበለዚያ ፍለጋው አያገኘውም።

ትርጉሙን ከእንግሊዝኛው ጋር አብሮ ለማቆየት «ፒኦ-ፎር-ኤ» የሚባል መሣሪያ አለ። ገጹን በአንቀጽ ይከፋፍለዋል፣ እንግሊዝኛው የተለወጠበትን አንቀጽ ለይቶ ያሳያል። ማወቅ የሚገባው ነገር፣ መሣሪያው ሌላ ገደብ ካልተነገረው በቀር ከ80 በመቶ በታች የተተረጎመን ገጽ አያወጣም፤ ሥራው ተሠርቶ ፋይሉ ሳይፈጠር ሲቀር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኼ ነው። እኔ ይህን ገደብ እደግፋለሁ፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ ገጽ ለማንም አይመችም።

የፊደሉ አቀማመጥ ግን ያልተፈታ ጣጣ ነው። ተርሚናል ለእያንዳንዱ የግእዝ ፊደል የሚሰጠው ለአንድ የላቲን ፊደል የሚሰጠውን ያህል ስፋት ነው። «ጨ» እና «ሠ» በዚያ ጠባብ ሳጥን ውስጥ አይገቡም፤ ወይ ከጎረቤታቸው ይደራረባሉ፣ ወይ ይኮማተራሉ። ገጹን በአሳሽ ማንበብ ይሻላል። «ማንዶክ -ቲ ኤችቲኤምኤል» ገጹን ወደ ኤችቲኤምኤል ይቀይረዋል፤ «ማን -ኤችፋየርፎክስ መዝገብ» ደግሞ በቀጥታ ይከፍተዋል፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ግን የአቀናባሪው ትንሹ ጥቅል «ግሮፍ-ቤዝ» ብቻ ሳይሆን ሙሉው «ግሮፍ» መጫን አለበት። የኬዲኢን ዴስክቶፕ የሚጠቀም በኮንከረር አሳሽ የአድራሻ ሳጥን ላይ «ማን:/መዝገብ» ብሎ ሊያነብ ይችላል። ጸሐፊውም ቃላትን በሁለት ነጥብ «፡» አያገናኝ፤ አቀናባሪው መስመር የሚቆርጠው ክፍት ቦታ ላይ ስለሆነ በ«፡» የተያያዘ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሆኖ ከገጹ ጠርዝ ይወጣል። የአማርኛ ቃል ረዘም ስለሚል በቃላት መካከል የሚፈጠረው ሰፊ ክፍተትም ያስከፋል፤ ገጹ መጀመሪያ ላይ «.ኤዲ ኤል» ማስገባት ጽሑፉን ወደ ግራ ብቻ ያስተካክለዋል።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት ወፍራም ጥራዝ ይጠየቃል። ንድፉ፣ ሠንጠረዡ፣ የጥናቱ ዳራ ሁሉ አለበት። ፕሮግራሙን በሚቀጥለው ዓመት ለሚያስነሳ ሰው ግን አንድ ገጽ አይገኝም። ከጥራዙ በተጨማሪ «መዝገብ.1» ዓይነት አንድ ፋይል ግዴታ ቢደረግ፣ መምህሩም «ሌክስግሮግ» እና «ማንዶክ -ቲ ሊንት» ያለ ስሕተት ያለፈውን ብቻ ቢቀበል፣ የማረም ሥራው ግማሹ በማሽን ያልቃል። የጋዜጣው የቴክኖሎጂ ዓምድም አንድ ፕሮግራም ሲያስተዋውቅ የማኑዋል ገጽ እንዳለውና እንደሌለው በአንድ መስመር ቢጠቅስ መልካም ነው።

ኮድ የማይጽፍ ሰውም ለነባር ፕሮግራሞች ገጽ መጻፍ ይችላል። ሲጽፍ መጀመሪያ ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ይላክ፤ ለዴቢያን ብቻ ከላከው ሌሎቹን አከፋፋዮች ፌዶራንና አርችን የሚጠቀመው አያገኘውም። እነሱ መልስ ካልሰጡ ነው ወደ ዴቢያን የጉድለት ሪፖርት መመዝገቢያ «ፓች» (ማስተካከያ ተያይዟል) የሚል ምልክት አድርጎ መላክ። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ፣ ነጥብ፣ ባክስላሽና ድርብ ጥቅስ አስቀድሞ፣ የጽሑፉን ፈቃድ ይጻፍበት፤ ከፕሮግራሙ ፈቃድ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ፈቃዱ ያልተገለጸ ገጽ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አከፋፋዮች ጥቅላቸው ውስጥ ሊያስገቡት አይችሉም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ